መዝገቡን መልሱ፣ ክፍያውን አንሡ፦ ዋሻውን ለሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊና ለጎብኚዎች አገልግሎት ክፍል

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣

ዋሻ ውስጥ ሰው ሲጠፋ፣ ሲወድቅ ወይም ሲጣበቅ የምንጠራው የነፍስ አድን በጎ ፈቃደኞች ነን። ደመወዝ የለንም። ሁላችንም የየራሳችን ሥራና ቤተሰብ አለን። ስልክ ሲደወል ግን ሌሊትም ይሁን ቀን ገመዳችንንና ቃሬዛችንን ይዘን እንወጣለን።

ባለፈው ወር ሁለት ውሳኔ አሳልፋችኋል። አንደኛው፣ ዋሻው አፍ ላይ የነበረው የመግቢያና የመውጫ መዝገብ እንዲነሣ፣ የመዝጋቢዋም ሥራ እንዲታጠፍ ነው። ሁለተኛው፣ «በራሱ ግድየለሽነት አደጋ ላይ የወደቀ ጎብኚ የነፍስ አድን ወጪውን ይሸፍናል» የሚል ማስታወቂያ ነው። ሁለቱንም ያወቅነው እንደ ማንኛውም መንገደኛ በሩ ላይ ተለጥፎ አይተን ነው። በዚያው ወር ሦስት ጊዜ ተጠርተን ገብተናል። «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» ብሎ የጠየቀን ግን አንድም ሰው አልነበረም። ስለዚህ ሳንጠየቅ ልንናገር ነው።

መጀመሪያ «ግድየለሽ» የተባሉትን ሰዎች እንይ።

አምስት የሥራ ባልደረቦች ነበሩ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ገቡ። የያዙት መብራት የሦስት ሰው ስልክ ብቻ ነው። ሁለቱ «ውስጥ ኔትወርክ የለም፣ ምን ያደርግልናል» ብለው ስልካቸውን መኪና ውስጥ ትተውታል። ሁለት ሰዓት ተኩል እንኳ ሳይሞላ ሦስቱም ስልኮች ባትሪ ጨረሱ። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ጨለማ ውስጥ ተቀመጡ። የዋሻ ጨለማ የሌሊት ጨለማ አይደለም። ዓይን አይለምደውም። እጃችሁን ፊታችሁ ላይ አድርጋችሁ ቀኑን ሙሉ ብትጠብቁ አታዩትም። ስንደርስ የአንዱ እጅጌ በሌላው እጅ እንደተጨበጠ ነበር። ከመካከላቸው አንዷ «ማንም ከዚህ አይነቃነቅ» ብላ ይዛቸው ቆይታለች። መብራታችንን ዞር ስናደርግ ከተቀመጡበት ስድስት እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ ጥልቅ ጉድጓድ አየን። እነሱ እዚያ መኖሩን አያውቁም ነበር።

«መንገዱ እንዴት ጠፋባችሁ?» ብለን ጠየቅናት። «ዞር ብለን ስናየው ሌላ ዋሻ መሰለን» አለችን። ልክ ነች። አንድ መተላለፊያ ሲገቡበትና ሲወጡበት አንድ አይመስልም። መገንጠያ ላይ ቆም ብሎ ወደኋላ ማየት፣ የመጡበትን ገጽታ በልብ መያዝ የሚያውቀው ያስተማሩት ሰው ነው። ይህን ለመንገር ሃያ ሰከንድ ይበቃል። እነዚህ አምስት ሰዎች ሲገቡ ግን የሚነግራቸው ሰው በር ላይ አልነበረም።

ቀድሞ ነበረች። መዝጋቢዋን አንሥታችሁ ያተረፋችሁት ደብተርና የአንድ ሰው ደመወዝ ይመስላችሁ ይሆናል። እኛ ግን ሥራዋን በዓይናችን አይተናል። ደብተሯን በላስቲክ ጠቅልላ ጉልበቷ ላይ ታስቀምጣለች። ስም ትጽፋለች፣ ስንት ሰው እንደሆኑ ትቆጥራለች፣ በስንት ሰዓት እንደሚወጡ ትጠይቃለች። ከዚያ «መብራታችሁን አሳዩኝ» ትላለች። ስልክ ብቻ የያዘውን ትመልሰዋለች። ሰው ሲቆጣት ድምፅዋን ከፍ አታደርግም፤ መጽሐፍ እንደሚያነብ ሰው ቀና ሳትል «ሌላ ቀን ኑ» ትላለች። ስንቱን ሰው እንዲህ አድርጋ እንዳተረፈች የሚያሳይ ቁጥር የለም፤ የተመለሰ ሰው አደጋ ሆኖ አይመዘገብምና። ማታ ደብተሩ ላይ ያልወጣ ስም ካለ ወዲያው ትደውልልናለች። አሁን ለእኛ የሚደወለው ቤተሰብ ሲጨነቅ ነው። ቤተሰብ የሚጨነቀው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። የት እንደገቡ፣ ስንት እንደሆኑ የሚነግረን ደግሞ የለም።

መዝገብ ምን ያደርጋል ለሚል ሰው ታይላንድን እናስታውስ። እ.ኤ.አ. ጁን 23 ቀን 2018፣ 12 ታዳጊ የእግር ኳስ ተጫዋቾች ከአሠልጣኛቸው ጋር ታም ሉዋንግ ዋሻ ገቡ። ዝናቡ ጎርፍ አስገብቶ መውጫቸውን ዘጋው። ውስጥ መሆናቸው የተረጋገጠው ብስክሌቶቻቸው ዋሻው አፍ ላይ ቆመው ስለተገኙ ነው። ብስክሌቶቹ መዝገብ ሆኑ። በእግራቸው ወይም በሰው መኪና ቢመጡስ ኖሮ? ሁለት የእንግሊዝ ጠላቂዎች ያገኟቸው በጁላይ 2 ነው፤ ከመግቢያው 4 ኪሎ ሜትር ያህል ገብተው፣ ከውሃው ከፍ ያለች ደረቅ ቦታ ላይ ተቀምጠው። ሁሉም የወጡት ከጁላይ 8 እስከ 10 ባለው ጊዜ ነው። ዓለም ይህን እንደ ትልቅ ደስታ ያስታውሰዋል፤ ደስታም ነበር። እኛ ግን ሳማን ኩናንንም እናስታውሳለን። የቀድሞ የባሕር ኃይል ጠላቂ ነው፤ በፈቃዱ መጣ። የአየር ሲሊንደሮች አድርሶ ሲመለስ በጁላይ 6 ውሃ ውስጥ ሞተ። አንድ ሰው ዋሻ ውስጥ ሲቀር እሱን ፍለጋ የሚገባው ሰው ሕይወትም አብሮ ይገባል። ይህን የምንጽፈው ባሎች፣ ሚስቶች፣ የልጆች እናቶችና አባቶች ሆነን ነው።

ወደ ክፍያው እንምጣ። እዚህ ላይ ረዘም አድርገን እንጽፋለን፤ ያስፈራን እሱ ነውና።

ማስታወቂያው ከተለጠፈ ሁለት ሳምንት አልሞላውም ነበር። አራት ወጣቶች ገቡ። አንደኛው ወንዙን ሲሻገር ድንጋይ ከዳውና ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ። ይህ የሆነው ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። ለእኛ የተደወለው ማታ አንድ ሰዓት ላይ ነው። በመሃል ሰባት ሰዓት አለ። ምን ሲያደርጉ ቆዩ? አንደኛው ወዲያው እርዳታ ሊጠራ ወጥቶ ነበር። በሩ ላይ ማስታወቂያችሁን አነበበ። በስልኩ ፎቶ አነሣው። ተመልሶ ገብቶ ለጓደኞቹ አሳያቸው። ተማከሩና «ራሳችን እናወጣዋለን» አሉ። ተሸክመው ሞከሩ፣ ጎትተው ሞከሩ። እግሩ የባሰ ተጎዳ። እስከ ወገቡ ርሷል፤ የለበሰው ደግሞ ጂንስ ነው።

ስንደርስ መንቀጥቀጡን አቁሞ ነበር። ጓደኞቹ «አሁን ተሽሎታል፣ ብርዱ ለቆታል» አሉን። እኛ ይህን ስንሰማ ነው የደነገጥነው። ሰውነት የሚንቀጠቀጠው ሙቀት ለመፍጠር ነው። ከብርዱ ሳይወጣ መንቀጥቀጡ ከቆመ፣ አቅሙ አልቋል ማለት ነው። ስሙን ስንጠይቀው ቀስ ብሎ ነገረን፤ ቀኑን ስንጠይቀው ግን ዝም አለ። ውሃ ከሰውነት ሙቀት የሚወስደው ከአየር 25 ጊዜ ያህል በፈጠነ ፍጥነት ነው። ዋሻ ውስጥ ፀሐይ የለም፣ አየሩ እርጥበት የጠገበ ነው፣ የረጠበ ልብስ አይደርቅም። ስለዚህ ቁርጭምጭሚት የሰው ሕይወት ያጠፋል። ሰውየውን የሚገድለው ስብራቱ አይደለም። የሚገድለው እዚያው ተቀምጦ መጠበቁ ነው።

ጤነኛ ሰው በሃያ አምስት ደቂቃ የሚሄደውን መንገድ ከቃሬዛ ጋር ስድስት ሰዓት ፈጀብን። አንድ ቦታ ወለሉ ስለት በሆነ ቋጥኝ የተሞላ ነው፤ ቆሞ መሸከም አይቻልም። በእጃችንና በጉልበታችን ተንበርክከን ተሰለፍን፤ ቃሬዛው በጀርባችን ላይ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተንሸራተተ አለፈ። የኋለኛው ቃሬዛው ሲያልፈው እየተነሣ ወደ ፊት ይሄድና እንደገና ይንበረከካል። ልጁ ዛሬ ደህና ነው። በሦስት ሰዓት ቀድመው ቢደውሉ ግን ከእኛ ጋር እያወራ፣ ምናልባትም በአንድ እግሩ እያነከሰ ይወጣ ነበር። ሌላ ሦስት ሰዓት ቢዘገዩ ደግሞ ምን እንደምናገኝ እናውቃለን።

ክፍያው ሰዎችን ጥንቁቅ ያደርጋል ብላችሁ አስባችሁ ይሆናል። አያደርግም። ሲገባ «እጎዳለሁ» ብሎ የሚያስብ ሰው የለም። ክፍያው ትዝ የሚለው ከተጎዳ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ የሚያስጠነቅቀው ደግሞ እርዳታ ከመጥራት ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዲሉ፣ እኛ የምንደርሰው ነገሩ ካለፈ በኋላ ይሆናል። በዓለም የመጀመሪያው የዋሻ ነፍስ አድን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1935 እንግሊዝ ውስጥ ተቋቋመ። በበጎ ፈቃደኞች ይሠራል፤ የሚያድነውን ሰው አያስከፍልም። እኛም ከማንም ገንዘብ ጠይቀን አናውቅም። «የነፍስ አድን ወጪ» ብላችሁ የጻፋችሁት የማን ወጪ እንደሆነ እንኳ አልገባንም።

ደግሞስ ግድየለሽ ማን እንደሆነ የሚፈርደው ማን ነው? እ.ኤ.አ. በ2014 ጀርመን ውስጥ ሪዘንዲንግ በሚባል ጥልቅ ዋሻ የድንጋይ ናዳ የአንድ ሰው ጭንቅላት መታ። ሰውየው ጀማሪ አልነበረም፤ ያንን ዋሻ ለዓመታት ያጠና ባለሙያ ነው። ከ1,000 ሜትር ገደማ ጥልቀት ለማውጣት ከ700 በላይ ሰው ተሳትፎ ከአሥር ቀን በላይ ፈጅቷል። ድንጋይ ሲወድቅ አዋቂና ጀማሪ አይለይም። የጀማሪው ልዩነት፣ ሊነገረው የሚገባ ነገር ስላለ ነው። እሱን የመንገር ኃላፊነት ደግሞ ትኬት የሚቆርጠው ነው።

ሦስተኛው ቅሬታችን ስለ ውሃ ነው። በር ላይ ያለው ሰሌዳ «በክረምት አይግቡ» ይላል። ሌላ ምንም አይልም። ታም ሉዋንግም መግቢያው ላይ ዋሻው ከጁላይ እስከ ኖቬምበር በጎርፍ እንደሚሞላ የሚያስጠነቅቅ ሰሌዳ ነበረው። ልጆቹ የገቡት በጁን ነው። ወር የሚጠቅስ ሰሌዳ ሰውን ያዘናጋል። የኖራ ድንጋይ ተራራ በስንጥቅ የተሞላ ነው፤ ራቅ ካለ ከፍታ ላይ የዘነበ ዝናብ በውስጥ ውስጡ ተጉዞ፣ ዋሻው አፍ ላይ ፀሐይ እየወጣች ደራሽ ውሃ ሊያመጣ ይችላል። ባለፈው ዓመት ያወጣናቸው እናትና ሁለት ልጆች የሆነባቸው ይኸው ነው። ሲገቡ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። እናትየው ውሃው መደፍረሱን አይታለች፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን አላወቀችም። ጥርት ያለ የዋሻ ውሃ ድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና አረፋ ማምጣት ከጀመረ፣ ድምፁ ከተለወጠ፣ ያኔውኑ ወደ ከፍታ መውጣት ነው። ጣሪያው ስንጥቅ ውስጥ የተሰካ ደረቅ ቅጠልና ጭራሮ ካያችሁ ደግሞ ውሃው አንድ ቀን እዚያ ድረስ ደርሷል ማለት ነው። እኛ አዲስ አባል ስናስገባ መጀመሪያ የምናሳየው ያንን ቅጠል ነው። ለጎብኚ የሚያሳየው የለም።

ስለ አስጎብኚዎችም የምንለው አለን፤ በእነሱ ላይ ግን አይደለም። አንድ አስጎብኚ ከሃያ ስድስት ጎብኚ ጋር ብቻውን ትልካላችሁ። በዚህ ዓመት ከጎብኚዎቹ አንዷ ተንሸራትታ ጉልበቷ ወለቀ። አስጎብኚው ምን ያድርግ? ከእሷ ጋር ቢቀር ሃያ አምስት ሰው መንገድ በማያውቅበት ቦታ ይበተናል። ሌሎቹን ይዞ ቢወጣ የተጎዳችው ብቻዋን ትቀራለች። በመጨረሻ አንድ ጎብኚ አጠገቧ ትቶ የቀሩትን ይዞ ወጣ። የተሻለ ምርጫ አልነበረውም። ዋሻ የሚገቡ ሰዎች ቢያንስ አራት ይሁኑ የሚባለው ለዚህ ነው፤ አንዱ ቢጎዳ አንዱ አብሮት ይቀራል፣ ሁለቱ ለጥሪ ይወጣሉ። ያ አስጎብኚ ሲወጣ ላብ በላብ ሆኖ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። በኋላ ደግሞ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንደደረሰው ሰማን። ይህ አሳዝኖናል።

ጠባቦቹን መተላለፊያዎች በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ እንበል። አሜሪካ ዩታ ውስጥ ነቲ ፐቲ የሚባል ዋሻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ሁለት ታዳጊዎች ተጣብቀውበት በብዙ ድካም ወጡ። በ2006 ተዘጋ፤ በ2009 በፈቃድ ብቻ እንዲገባበት ተብሎ ተከፈተ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር አንድ የ26 ዓመት ወጣት ወደታች በሚወርድ ጠባብ ቀዳዳ በጭንቅላቱ ገባና ተጣበቀ። ከመቶ በላይ ሰው ለፋለት። ከ27 ሰዓት ያህል በኋላ እዚያው ሞተ፤ አስከሬኑን እንኳ ማውጣት ስላልተቻለ ዋሻው ለሁልጊዜው ታሸገ። የፈቃድ ወረቀት ብቻውን ሰው አያድንም። «ወደታች በሚሄድ የማታውቁት ቀዳዳ በጭንቅላታችሁ አትግቡ» የሚል ሰው ያስፈልጋል።

የማስታወቂያ ፎቷችሁንም ሳናነሣ አናልፍም። ትልቁ ሰሌዳ ላይ ያለችው ወጣት ክፍት ጫማ አድርጋለች፣ ሄልሜት የላትም፣ የቆመችው ከአጥሩ ማዶ የውሃው ጠርዝ ላይ ነው። ጎብኚዎች እዚያ ቦታ እሷ የተነሣችውን ፎቶ ለመነሣት ይሻገራሉ። ከዚያ ጠርዝ ሁለት ሰው አውጥተናል።

ይህን ሁሉ ስንል ዋሻው ይዘጋ ማለታችን አይደለም። ዋሻ እንወዳለን፤ ያለዚያማ ሌሊት ጭቃ ውስጥ ምን እንሠራለን? በዚያ ላይ የተዘጋ ዋሻ ሰው አያስቀርም። ብረቱን ፈልቅቆ፣ ለማንም ሳይናገር ነው የሚገባው። እንዲህ የገባን ሰው ፍለጋ ከሁሉ ይከብዳል።

የምንጠይቃችሁ ይህ ነው። የክፍያ ማስታወቂያው ዛሬውኑ ይነሣ፤ በምትኩ የጥሪ ስልክ ቁጥርና «ሳትዘገዩ ደውሉ፣ አትከፍሉም» የሚል ጽሑፍ ይለጠፍ። መዝገቡም መዝጋቢዋም ይመለሱ፤ መዝጋቢዋ መብራት የሌለውን የመመለስ ሥልጣን በጽሑፍ ይሰጣት። እያንዳንዱ ጎብኚ ሄልሜት ያድርግ፣ የግንባር መብራትና መጠባበቂያ መብራት ይኑረው፤ የሌለው ከበር ይዋስ። ከአሥር ሰው በላይ ለሆነ ቡድን ሁለት አስጎብኚ ይመደብ፤ አስጎብኚዎቹ የመጀመሪያ እርዳታ ይሠልጥኑ፣ ሥልጠናውን በነፃ እንሰጣለን። ለዚያ አስጎብኚ የተጻፈው ማስጠንቀቂያ ይሰረዝለት። ተንቀሳቃሽ ስልክ በዓለት ውስጥ ስለማይሠራ ጎብኚ እስከሚደርስበት መጨረሻ ድረስ የሽቦ ስልክ ይዘርጋ፤ ቀላል ነገር ነው፣ እኛም በፍለጋ ጊዜ የምንጠቀመው እሱን ነው። የውሃው ሰሌዳ ምልክቶቹን በሥዕል እያሳየ እንደገና ይጻፍ። ፎቶው ይውረድ። ከዚህ በኋላ ስለ ዋሻው ደኅንነት ስትወስኑ ደግሞ ከእኛ አንድ ሰው ስብሰባው ላይ ይቀመጥ።

መልሳችሁን እስክናገኝ ድረስ ዝም ብለን አንጠብቅም። ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ከቡድናችን ሁለት ሰው በሩ አጠገብ፣ ከአጥሩ ውጭ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ ይቀመጣል። ስም ይጽፋል፣ የመውጫ ሰዓት ይጠይቃል፣ መብራት ያያል። ከሥራ የሚቀረው በተራ ነው፤ ዝርዝሩን አውጥተናል። ጥበቃዎቻችሁ እንዳያስነሡን ንገሩልን።

ከአክብሮት ጋር፣

የዋሻ ነፍስ አድን በጎ ፈቃደኞች ቡድን የጥሪ አስተባባሪ
በቡድኑ አባላት ስም